መትረየስና አምስቱ ስደተኛ ፊደላት

የአደጋ መረዳጃ ማኅበሩ ጸሐፊ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አላት፤ ስሙን የሚያውቁት ግን እሷና የሥራ መዝገቧ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ መትረየስ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ኪቦርዷን ስታንጣጣው ኖራለች። ድምፁ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ በር ላይ ከተቀመጠው ዘበኛ ጆሮ ይደርሳል። ዘበኛው የቢሮውን ውሎ በድምፁ ብቻ ያውቅ ነበር፤ ሳያቋርጥ ከተንጣጣ ስብሰባ አለ፣ ቆም ቆም እያለ ከሆነ ደብዳቤ ነው፣ ጭራሹን ጸጥ ካለ ደግሞ መትረየስ ወሬ ይዛለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጸጥ አለ። ዘበኛው «ዛሬ ደግሞ የማንን ጉድ አገኘች?» ብሎ ጆሮውን ቢያቆም ወሬም የለም። ለካ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ነዶባት፣ ጣቶቿ ደንዝዘው፣ የያዘችውን የውሃ ብርጭቆ ጭኗ ላይ ደፍታው ኖሯል።

ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አየና «ስንት ዓመትሽ ነው?» አላት።

«አርባ ሰባት።»

«እጅሽስ?»

«እሱስ ከኔ ጋር አይደል እንዴ የተወለደው?»

«አይመስለኝም። ይሄ ሰባ ሞልቶታል። ጡረታ እየጠየቀ ነው፣ የሚሰማው አጥቶ ነው እንጂ።» ከዚያ ትከሻዎቿን ይዞ ወደ ኋላ ሳበና ሁለቱን ክንዶቿን እንደ ድርብ በር ከፈት አደረጋቸው። «ደረትሽ ላይ ተኮራምተሽ፣ እጆችሽን አጣብቀሽ አትጻፊ። እንዲህ ይራራቁ። ጣትም ሩቅ አገር አይሂድ። የሚራራቁበት ዘዴ ካላገኘሽ ግን ሥራውን ተዪው።»

ይህን ይዛ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ገባች። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ዓረፍተ ነገር መጀመር እንጂ መጨረስ አልተማረም። ሠራተኞቹ ከኋላው «አራት ነጥብ የለሽ» ይሉታል።

«የጤናሽ ነገር እጅግ ያሳስበናል፣ በመሆኑም የማኅበሩ ሥራም በዚያው ልክ ያሳስበናል፣ በመሆኑም ጠቅላላ ጉባኤው አንድ ወር ነው የቀረው፣ በመሆኑም...»

ከስድስተኛው «በመሆኑም» በኋላ ነገሩ ተገለጠ። በጉባኤው ዕለት ሰው እየተናገረ እሷ እየጻፈች፣ ጽሑፉም በትልቁ ስክሪን ላይ እየታየ፣ እንደ ወትሮው ቃለ ጉባኤውን ከያዘች ወንበሯ የራሷ ነው። ካቃታት ግን መስኮቷን ለሌላ ለቃ ምድር ቤት ትወርዳለች፤ መዝገብ ቤት።

መዝገብ ቤት መጥፎ ቦታ አይደለም ይላሉ፤ ወርዶ የተመለሰ ሰው ባለመኖሩ ግን ማረጋገጥ አልተቻለም። እዚያ ዐሥራ ስምንት ዓመት ብቻውን የኖረ አንድ መዝገብ ያዥ አለ። ሰው ከማጣቱ የተነሣ ለፋይሎቹ «እንዴት አደራችሁ» እያለ ነው መብራቱን የሚያበራው። ወሬው ከመትረየስ ቀድሞ ደረጃውን ወርዶ ስለነበር፣ እሷ አንድ የቆየ ደብዳቤ ፍለጋ ብቅ ስትል ወንበር ወልውሎ፣ ትራስ አስቀምጦ ጠበቃት።

«እንኳን ደህና መጣሽ!»

«ኧረ አልመጣሁም!»

«ይሁን፣ ቀስ ብለሽ» አላት፤ ትራሱን መታ መታ አድርጎ።

ያን ትራስ ካየች በኋላ ነው መትረየስ የምሯን የተነሣችው። በቀጥታ ወደ ታናሽ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ወንድሟ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከመጥበቧ የተነሣ ደንበኛ ሲገባ አንድ ሬዲዮ ወደ ውጪ መውጣት አለበት። የሐኪሙን ቃል አንድ በአንድ ነገረችው፤ ክንዷንም ከፍታ አሳየችው፤ ሦስት ሬዲዮ ጣለች።

በሳምንቱ የሠራላትን አመጣ። ሁለት ትንንሽ ሰሌዳዎች፣ እያንዳንዳቸው ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ፣ በአንድ ቀጭን ሽቦ የተያያዙ። አንዱ ለግራ እጅ፣ አንዱ ለቀኝ። በየአንዳንዳቸው ላይ ዐሥራ አምስት ቁልፍ ለአራቱ ጣቶች፣ ሦስት ቁልፍ ደግሞ ለአውራ ጣት። ሲደመር ሠላሳ ስድስት።

«ሌላውስ?» አለች መትረየስ፣ ከሥሩ ያለ መስሏት እየገለበጠች።

«የቱ ሌላው?»

«ሌላው ቁልፍ ነዋ! የድሮው እኮ ከመቶ በላይ ነበረው።»

«ሐኪሙ ጣት ሩቅ አገር አይሂድ ካለ፣ ጣት የሚሄድበትን አገር ማጥፋት ነው፣ እታለም። ከዚህ በኋላ የትኛውም ጣትሽ ከቤቱ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚወጣው።» እውነቱ ግን ከአሮጌ ኪቦርዶች ነቅሎ ደህና ሆነው ያገኛቸው ቁልፎች ሠላሳ ስድስት ብቻ መሆናቸው ነው። ይህንን የነገራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ወሬው በሰፈሩ ዞረ። «የመትረየስ ኪቦርድ ተፋታ አሉ» ይባባሉ ጀመር። ወንድሟ ግን «አልተፋቱም፣ አልጋ ለዩ እንጂ፤ በሽቦ ይነጋገራሉ» ብሎ ይመልሳል።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፊደሉን ሠላሳ ስድስት ቁልፍ ላይ ማሳረፍ! ወንድሟ «የትኛው ፊደል የት እንደሚቀመጥ አንቺ ንገሪኝ፣ ፕሮግራሙን እኔ አስገባለሁ» ብሏታል። መትረየስ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጋ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ዘረጋችና፣ በእርሳስ ጭረት እየጫረች፣ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መቁጠር ያዘች። ነ ሁሉን በለጠች፤ ሰው ሁሉ ንግግሩን በ«ነው» ስለሚዘጋ ነው። ከፊደል አልፋ ቃል ስትቆጥር ደግሞ በዐሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ «በመሆኑም» መቶ አርባ ጊዜ ተገኘ። መቶ ሠላሳ ስምንቱ የሊቀ መንበሩ ነው። ሁለቱ ሊቀ መንበሩን ደስ ማሰኘት የፈለጉ ሰዎች የተናገሩት ነው።

ድልድሉ ሰፈር እንደ መመሥረት ነበር። ብዙ የሚመላለሱትን ነን፣ ተን፣ ለንና መን ሌባ ጣቶቿ ሥር አሰፈረቻቸው፤ ሌባ ከሀብታም አጠገብ መኖር ይወዳል ብላ። ጰን፣ ፐን፣ ቨንና ዠን፣ እነዚያን በዓመት አንዴ ብቅ የሚሉ ዘመዶች፣ ጥግ ጥጉን በትንሿ ጣት ሥር ጣለቻቸው። ከዚያ አውራ ጣት ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አሰበች። ይህ ጣት ስሙ አውራ ነው እንጂ ሃያ ሁለት ዓመት ባዶ ቦታ ከመምታት በቀር አንድ ፊደል ጽፎ አያውቅም። «አንተም እንደ ሊቀ መንበራችን» አለችው። «በል ሥራ ልስጥህ።»

የሰጠችው ሥራም ቀላል አልነበረም። ስድስቱን የአውራ ጣት ቁልፎች ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ፣ ለራብዕ፣ ለኃምስና ለሳብዕ አከፋፈለቻቸው። ሳድስ ረዳት አይፈልግም። የበን ቁልፍ ብቻዋን ስትነካ ብ ይወጣል፤ አውራ ጣት ካዕብን ጠቅ ካደረገ ቡ ይሆናል፤ ራብዕን ካደረገ ባ። ሁለቱ አውራ ጣቶች መካከለኛ ቁልፎቻቸውን እኩል ሲመቱ ደግሞ ባዶ ቦታ ይወለዳል። የድሮ ሙያቸውን ጨርሰው እንዳይረሱ ነው።

ለአራቱ ጣቶች የቀረው ሠላሳ ቁልፍ ነው። ከሠላሳው አንዱን «ጓዳ» አለችው። ሳሎን የማይገባ ነገር ሁሉ፣ ቁጥሩ፣ ነጠላ ሰረዙ፣ አራት ነጥቡ፣ ማጥፊያው፣ ጓዳ ገባ። ያንን ቁልፍ ተጭና ስትይዝ ጓዳው ይከፈታል፣ ስትለቅ ይዘጋል። እዚያው ጓዳ ውስጥ «በመሆኑም»ን ሙሉውን ቃል አንድ ቁልፍ ላይ ቀበረችው። እዚህ ላይ ብቻዋን ሣቀች።

ቀረ ሃያ ዘጠኝ። ፊደሉ ግን ቨን ጨምሮ ሠላሳ አራት ነው። አምስት ተረፈ።

መትረየስ ብዙም አላመነታችም። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው። ሰና ሠ አንድ ናቸው። አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ። ሞክሼ ይባላሉ። «አንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ተቀምጦ ሲንጠራራ ቢሮ ውስጥ ያየሁት ይበቃኛል» አለችና ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐንና ፀን ጓዳ እንኳ ሳታስገባ ከቤት አባረረቻቸው።

ይህንን ስታደርግ በሩን ዘግታ ነው። ምክንያቱም ከበሩ ማዶ አማቷ አሉ።

አማቷ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው እንጂ እስክሪብቷቸው አይደለም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያርማሉ። የገበያ ዝርዝሯን ያርማሉ። ልጃቸው፣ የመትረየስ ባል፣ አገር አቋራጭ ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ለሚስቱ የሚልከውን መልእክት መነጽራቸውን አድርገው አንብበው «ፊደሉ ደህና ነው፣ ሐሳቡ ግን ተደጋግሟል» ብለው አስተያየት ሰጥተዋል። ሰፈሩ «ቀይ እስክሪብቶ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ይወዱታል፤ ቢያንስ አጻጻፉ አያሳስትም።

ኪቦርዱ በፕሮግራሙ ተሞልቶ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አያድርስ ነው። ሌባ ጣቶቿ ይሰርቃሉ፣ አውራ ጣቶቿ ይደነባበራሉ፣ «ሰላም» ብላ ጀምራ «ስሉም» ሆኖ ይወጣል። በአምስተኛው ቀን ግን እጇ ሰፈሩን ለመደ፤ ክንዶቿ ተከፍተው፣ ትከሻዋ ወርዶ፣ አንጓዋ ሳይነድ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ልቧ ሞልቶ የጠቅላላ ጉባኤውን ጥሪ ማስታወቂያ በአዲሱ ኪቦርድ አዘጋጀች። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አንሥቶ ስሙ በትክክል መጻፉን ብቻ አይቶ ፈረመ። ተባዝቶ ለአባላት ሁሉ ተበተነ፤ አንዱም በር ላይ ተለጠፈ።

የማኅበሩ በር ላይ፣ ከመሥራቾቹ ጊዜ ጀምሮ፣ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ መሪ ቃል አለ፤ «ለድኅነት እንተጋለን»። ሰው ከአደጋ እንዲድን እንሠራለን ማለት ነው፤ የድሮ ሰዎች ቃል ይወዳሉ። መትረየስም መሪ ቃሉን እንደ ደንቡ ማስታወቂያው አናት ላይ ጽፋዋለች። ብዙኃኑ ኀ ስለተባረረ ግን የተጻፈው በሀሌታው ሀ ነው።

ጠዋት ስትመጣ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ዘበኛው አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ያያል።

«ላይኛው ‹ለድኅነት እንተጋለን› ይላል፣ ታችኛው ‹ለድህነት እንተጋለን› ይላል። የቱ ነው ትክክሉ?»

«እንደ አኗኗራችን ከሆነ ታችኛው» አለ አንዱ።

«አሁን ገና እውነቱን የሚጽፍ ጸሐፊ አገኘን!» አለች ሌላዋ።

ሊቀ መንበሩ ጠራት። ፊቱ በርበሬ መስሏል። መትረየስ የ«በመሆኑም»ን ናዳ ለመቀበል ትከሻዋን ሰበሰበች። እሱ ግን «አንድ ጊዜ ከደገምሽው ትወርጃለሽ» አለ። ነጥብ። በማኅበሩ ታሪክ ሊቀ መንበሩ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ ሠራተኛው ሁሉ የተረዳው ከዚህ ነው። መዝገብ ያዡ ሰምቶ ሁለተኛ ትራስ ጨመረ።

ጉባኤው ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ቤት ስትገባ አማቷ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም የማኅበሩ አባል ስለሆኑ ማስታወቂያው ደርሷቸዋል። ወረቀቱ ከቀይ ብዛት የተነሣ ኩፍኝ የያዘው ይመስላል።

«ምራቴ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ፀሐይን በምን ትጽፊያታለሽ?»

«በ... በጸሎቱ ጸ።»

«ፀሐይን መነኩሲት አደረግሻት። ንጉሥንስ?»

«በእሳቱ ሰ።»

«እሳት ውስጥ ከተትሽው። ዓይንንስ?»

«በአልፋው...»

«ዐይኑን ዐ አውጥተሽ ዓይኑ በምን ይይ? ኧረ ተዪ ልጄ! ሰው ቤት ሲጠበው ዕቃ ያወጣል እንጂ ቤተሰብ ያባርራል?»

መትረየስ ቀኑን ሙሉ ያመቀችው ፈነዳ። «አባባ፣ ድምፃቸው አንድ ነው! ሠላሳ ስድስት ቁልፍ ነው ያለኝ። አምስት ልጨምር ብል ጣቴ ተመልሶ መንገድ ሊሄድ ነው፤ ከሄደ ደግሞ ይቺ አትችልም።» ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እኔ እኮ ፊደል ጠልቼ አይደለም። መስኮቴን ልቀማ ነው።»

አማቷ እጇን አዩት። ከዚያ የራሳቸውን አዩ። አርባ ዓመት እስክሪብቶ የተደገፈበት የመካከለኛ ጣታቸው ጎን ላይ እንደ ባቄላ ያበጠ ጠባሳ አለ። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና፣ ነገር ለማስቀየስ፣ እንዲያጥር የሰጡት ሱሪያቸው ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቁ ጎረቤት ተጣሩ።

ጎረቤት አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ልብስ ሰፊ። አማቷ ስሙን ሲጣሩ ነርሷ ብቅ አለች።

«አቤት አባባ፣ ምነው? አመመዎት?»

«አንቺ አይደለሽም፣ ሞክሼሽ!»

ነርሷ ጭንቅላቷን መለሰች፤ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ቦታ፣ ልብስ ሰፊዋ ብቅ አለች። «ሱሪው ነገ ይደርሳል፣ አባባ።»

መትረየስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አባባ፣ እስቲ ይድገሙት!»

«ምኑን? ሱሪውን?»

«ያሉትን! ነርሷ ስትወጣ ምን አሏት?»

«አንቺ አይደለሽም፣ ሞክሼሽ አልኳታ። ምን ልበላት? ሱሪ በመርፌዋ ትውጋልኝ?»

«በአንድ መስኮት ነው የወጡት! ሁለት መስኮት አላስፈለጋቸውም!» መትረየስ ወረቀት መፈለግ ጀመረች፤ አጥታ ኩፍኝ በያዘው ማስታወቂያ ጀርባ ላይ ሣለች። «አምስት ቁልፍ ለምን እፈልጋለሁ? ሀን እጠራለሁ። ሀሌታው ይመጣል። እሱን ካልፈለግኩ ‹አንተ አይደለህም፣ ሞክሼህ› የምትል አንዲት ቁልፍ ነክቼ ሐመሩን ሐ አመጣለሁ። እሱም ካልሆነ ደግሜ እነካታለሁ፣ ብዙኃኑ ይመጣል። ሰም ሠ ይሆናል፣ ጸም ፀ፣ አም ዐ። ሁሉም በአንድ መስኮት!»

«ያቺ አንዲት ቁልፍስ ከየት ትመጣለች?» አሉ አማቷ፣ ሳያስቡት መነጽራቸውን እያደረጉ።

«የጓዳዋ ቁልፍ አለች። ተጭኜ ስይዛት ጓዳ ትከፍታለች። ጠቅ አድርጌ ስለቃት ግን እስከዛሬ ሥራ የላትም።»

አማቷ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው፣ እሷ በጥድፊያ «ሞክሸ» ብላ የጻፈችውን «ሞክሼ» አድርገው አረሙት። ስምምነታቸው ይህ ነበር።

ወንድሟ ፕሮግራሙን በአንድ ቀን ቀየረው። «እታለም፣ ይሄ ሐሳብ የኔ ነው ብዬ ለደንበኞቼ ብነግራቸውስ?» አላት።

«ንገራቸው። አባባ ሲሰሙ ያርሙሃል።»

የቀሩትን ቀናት አማቷ ያስጽፏት ጀመር። ወንበራቸውን አጠገቧ አድርገው ሞክሼ የሞላበት ዓረፍተ ነገር እየፈጠሩ ይወረውሩባታል። «ዐዋቂው ሠዓሊ ፀሐይ ሳትጠልቅ የንጉሡን ሥዕል ጨረሰ!» ትጽፋለች። «ኀዘንተኛው ሕዝብ በዓሉን በጸሎት ዋለ!» ትጽፋለች። በሰባተኛው ቀን የሚወረውሩት አልቆባቸው የልጅነት ትዝታቸውን ማስጻፍ ጀመሩ፤ እዚያ ላይ ሞክሼ ባይበዛም ውሸት በርከት ያለ ነበር ይባላል።

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግማሹ የመጣው ሪፖርት ሊሰማ ሳይሆን የተፋታውን ኪቦርድ ሊያይ ነው። መትረየስ ሁለቱን ሰሌዳዎች ጠረጴዛው ላይ አራርቃ አስቀመጠች፣ ክንዶቿን ከፈተች። መዝገብ ያዡ ከኋላ ቆሟል። አማቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ፣ ስክሪኑን እንደ ጠላት ያዩታል።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተከበራችሁ አባላት፣ ማኅበራችን ከተመሠረተ ጀምሮ እንደሚታወቀው ለድኅነት...»

ስክሪኑ ላይ ድ ወጣ። ህ ተከተለው።

ከኋላ አንዱ «መጣች ደግሞ ድህነት!» ሲል ሰው ሣቁን በእጁ አፈነ። ሊቀ መንበሩ ዞር ብሎ ስክሪኑን አየ። መትረየስ ቀና እንኳ አላለችም። የጓዳዋን ቁልፍ አንዴ ጠቅ። ህ ሁሉም እያየው ሕ ሆነ። ደግማ ጠቅ። ሕ ኅ ሆነ። ከዚያ ቀሪው ፈሰሰ፤ «ለድኅነት እንተጋለን።»

«ደግ!» የሚል ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ ተሰማ። አርባ ዓመት ሰው ሲያርሙ ኖረው ሰው ሲያመሰግኑ የተሰሙት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ መትረየስ ማን ይይዛታል! ሪፖርቱ ሮጠ፣ እሷም አብራው ሮጠች። ጥያቄ መጣ፣ ጻፈች። ሁለት ሰው እኩል ተናገረ፣ ሁለቱንም ጻፈች። ሊቀ መንበሩ ወደ ማጠቃለያው ሲገባ ደግሞ ጓዳዋ ተከፈተ። «ይህ ሁሉ የአባላት ድጋፍ ውጤት ነው» ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ፣ አፉን ገና ሳይከፍት፣ ስክሪኑ ላይ «በመሆኑም» ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበሩ ዞሮ ቃሉን አየው። ቃሉም እሱን አየው። ሌላ ቃል ለማምለጫ ፈለገ፤ «ስለዚህ» ሊል ነው፣ አላለም። ተይዟል። ከንፈሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋና «አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ይህ ሁለተኛው አራት ነጥቡ ነው። ስብሰባው ከታቀደለት ሰዓት ቀድሞ ያለቀበትን ቀን አባላቱ እስከዛሬ ያነሡታል። እሱም ሲወጣ በመትረየስ ጠረጴዛ አጠገብ አልፎ፣ ቆም ብሎ፣ «መስኮቱ ብርሃኑ ደህና ነው?» አላት። «ደህና ነው» አለች። «እንግዲያው ይሁን» አለ። ሦስት።

በማግስቱ ታትሞ የተጠረዘውን ቃለ ጉባኤ ይዛ ራሷ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

«መጣሽ!» አለ መዝገብ ያዡ፣ ሁለቱን ትራሶች እያነባበረ።

«ይሄንን ላስቀምጥ ነው።»

ፊቱ ወደቀ። መትረየስ ደረጃውን ልትወጣ አንድ እግሯን አንሥታ ነበር፤ ተመልሳ ትራሶቹ ላይ ተቀመጠችና የፎቁን ወሬ ከነቅመሙ ነገረችው። አሁን በሳምንት አንዴ ትወርዳለች። የሚያማርረው ዘበኛው ብቻ ነው። «አዲሱ ኪቦርድሽ ድምፅ የለውም፤ ሥራ ይዘሽ ይሁን ወሬ ይዘሽ እኮ መለየት አቃተኝ» ይላታል። «ታዲያ ጥቅሙ ምን ሆነና!» ትለዋለች።

አንድ ቅጂ ለአማቷ አመጣችላቸው። ሠላሳ አንድ ገጽ። ሁለት ቀን አነበቡት። ገጽ በገጽ ሲሄዱ ፊታቸው እየጨፈገገ፣ እስክሪብቶውን እየከፈቱ እየዘጉ፣ ምሳቸውን እንኳ በደንብ ሳይበሉ። ሃያ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ።

«ያዝኳት! ፀሐይን በጸሎቱ ጸ! ምራቴ፣ ያዝኩሽ!»

«ውይ አባባ፣ አመለጠችኝ እኮ!» አለች መትረየስ ከወጥ ቤት። መዝገብ ቤት በተቀመጠው ቅጂ ላይ ግን ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ነው የተጻፈችው። ያቺን አንዲት ገጽ ለእሳቸው ለብቻ ያተመችው እሷው ናት።

አማቷ ወረቀቱን እንደ ባንዲራ ይዘው ወደ መስኮቱ ሮጡና ጎረቤት ተጣሩ። ነርሷም ልብስ ሰፊዋም እኩል ብቅ አሉ። የዚያን ቀን አንዳቸውንም «አንቺ አይደለሽም» ብለው አልመለሱም።